ስለ አሮጌው ቤታችን እድሳትና ስለሚጠየቀው ገንዘብ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



እኛ የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክንወጣ ድረስ በመዝገብ ቤት ደብዳቤ ስናስገባና ስናስወጣ ኖርን። ስለ ቤት አሠራር እናውቃለን አንልም። ገንዘብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለምን ተመልሶ እንደሚመጣ ግን ጥቂት እናውቃለን።

ድንኳኑን፣ ድስቱንና ወንበሩን የምናኖርበት አሮጌ ቤት በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ሁላችሁም ታያላችሁ። ቆርቆሮው ዝጓል፤ በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ወደ ውጭ ተነፍቷል። ሽማግሌዎች እንደሚሉት ጣሊያን በጥር 1928 ዓ.ም. ነገሌ ሲገባ ይህ ቤት ቆሞ ነበር። ምሰሶው ጽድ ስለሆነ ምስጥ እስከ ዛሬ አልደፈረውም። ባለፈው ስብሰባ አንዳንዶቻችሁ «ከቀብሩ ገንዘብ አንሥተን እናድሰው» አላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ «ይፍረስና በብሎኬት ይሠራ» አላችሁ። እኛ በሁለቱም አንስማማም። የቀብሩ ገንዘብ የሬሳ ሳጥንና የሐዘንተኛ እህል ነው። በአንድ ሳምንት ሦስት ቤት ቢያዝን ቆርቆሮ ገዛንበት ልንል ነው እንዴ?

ታዲያ ከየት ይምጣ? አምና ለአንድ ድርጅት የእርዳታ ደብዳቤ ጽፈን ነበር። ተመልሶ መጣ፤ ቤቱ የማን ነው፣ መቼ ተሠራ፣ ከታደሰ በኋላስ ለምን ያገለግላል የሚል ጥያቄ ብቻ ተጽፎበታል። መጀመሪያ ተናደድን። ኋላ ስናስበው እኛም በሥራችን ዘመን «አባሪ የለውም» እያልን ስንቱን ሰው መልሰናል! ቦረናዎችስ ቢሆኑ ከብቱ ላለቀበት ወገን በቡሳ ጎኖፋ ሲያዋጡ ተሰብስበው ነገሩን ሰምተው አይደለም ወይ?

የማን ነው ለሚለው፣ ቤቱ በቃል ተሰጠን እንጂ ወረቀት የለንም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በአምባሳደሮቹ በኩል ለቅርስ ጥበቃ ሲሰጥ በኖረው ገንዘብ በላሊበላ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ተጠግኗል፤ ነገር ግን ያ ገንዘብ በግል ይዞታ ላለ ቤት የማይሰጥ ነበር። አገራችን በ1992 ዓ.ም. ያወጣችው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ከፊሉን ሊረዳ እንደሚችል ደንግጓል። «ሊረዳ ይችላል» እና «ይረዳል» አንድ እንዳልሆነ መዝገብ ቤት የሠራ ያውቀዋል። ቢሆንም ቅሉ ቤቱ በቅርስነት ካልተመዘገበ ይህንንም መጠየቂያ የለንም። እዚያው አዋጅ ላይ ቅርስ ሳይፈቀድ አይጠገንም ስለሚል፣ እባካችሁ ማንም በበጎ ፈቃድ ተነሥቶ ግድግዳውን ሲሚንቶ እንዳይለስነው። የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲታፈን እርጥበቱ ውስጥ ቀርቶ ያፈርሰዋል። መድኃኒቱ ጭቃና ጭድ ነው።

ለምን ያገለግላል ለሚለው ሐረርን ተመልከቱ። ራስ ተፈሪ መኮንን የኖሩበት የሕንድ ነጋዴ ቤት ታድሶ፣ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በገዛ ቤታቸው ሲሰበስቡ የኖሩት ቅርስ ገባበትና ሙዚየም ሆነ። ቤቱ ሥራ አገኘ ማለት ነው። የእኛም ቤት የዕድር ዕቃ ማስቀመጫ ብቻ ከሆነ ማን ብር ያወጣበታል? አንዱ ክፍል የከተማችን የድሮ ፎቶግራፍና ዕቃ ማሳያ ይሁን።

ጉልበቱን እኛው ብናወጣ ደግሞ የምንጠይቀው ገንዘብ ይቀንሳል። በሰኔ 2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የኮንሶን የካብ ከተሞች ያቆማቸው የነዋሪው ጉልበት ነው። እኛም ጭቃ አናቦካም?

ከሁሉ የከበደን «መቼ ተሠራ» የሚለው ነው። ሽማግሌዎች ነገሩን ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ቃላቸው ተጽፎ፣ ፈርመውበት፣ ምስክር ቆሞበት ሲገኝ ነው። ቤቱ ሲሠራ ከአባቶቻቸው የሰሙ አራት ሰዎች ነበሩን። ሁለቱን በዚህ ዓመት ቀበርናቸው። ድንኳኑን ያወጣነው ከዚያው ቤት ነው፤ አንዳችንም እስክሪብቶ ይዘን አልጠየቅናቸውም። ይህንን ስንናገር እናፍራለን፤ ጸሐፊ ተብለን የተመረጥነው እኛ ነበርንና።

ስለዚህ በመጪው እሑድ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ሜትር ይዘን ቤቱን እንለካለን። የድሮ ፎቶግራፍ ያላችሁ አምጡ፤ ቅጂውን አንሥተን ዋናውን ለየባለቤቱ በፊርማ እንመልሳለን። ሰኞ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የምዝገባ ማመልከቻ እናስገባለን። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከቀሩት ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ታላቂቱ እናታችን ቤት እንሄዳለን። ጆሮአቸው ከድቷቸዋልና ድምፁ ጎላ ያለ አንድ ሰው አብሮን ይምጣ።