መነሻውን የሳተ ማሽን፦ በመተማ ቆላ የሲ.ኤን.ሲ. ብልሽት አፈላለግ



በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ሰው አይጠብቅም። በወቅቱ ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይራገፋል። በዚያ ሰሞን የአንድ ትራክተር ዕቃ ተሰብሮ ምትኩን ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ማስመጣት ግድ ከሆነ፣ የሚባክነው የዓመት ልፋት ነው። በገንዳ ውሃ ወይም በመተማ ዮሐንስ አንድ አነስተኛ ሲ.ኤን.ሲ. ሚሊንግ ማሽን ቢተከል ጥቅሙ ከዚህ የሚመነጭ ሲሆን፣ ማሽኑ መነሻ ነጥቡን ማግኘት ያቃተው ዕለት ግን ያ ጥቅም ይቋረጣል።

እንደሚታወቀው፣ በቁጥር የሚታዘዝ ሚሊንግ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ለሕዝብ ከታየ ወዲህ እጅግ ተሻሽሏል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ አነስተኛ ማሽኖች ዛሬም መብራት ሲመጣላቸው ያሉበትን ቦታ አያውቁም። ስለዚህ እያንዳንዱ አክሲስ ወደ ጫፉ ሄዶ ሊሚት ስዊቹን ይነካል፤ ጥቂት ያፈገፍጋል፤ በዝግታ ተመልሶ ዳግም ይነካል፤ ዜሮ የሚባለውም በዚህ ይወሰናል።

ብልሽቱ በአራት መልክ ይገለጣል። አንደኛው፣ ማሽኑ ገና ሳይነሳ ስዊቹ ተነክቷል ብሎ እንቢ ማለቱ ነው። ሁለተኛው፣ ስዊቹን አልፎ ከጫፍ ጋር መላተሙ ነው። በሁለቱም ጊዜ ባለሙያው ስዊቹን በእጁ እየተጫነ በመቆጣጠሪያው ላይ ያለውን ምልክት ይመለከታል። ምልክቱ ካልተለወጠ ጉዳቱ በስዊቹ፣ በሽቦው ወይም በመቆጣጠሪያው መግቢያ ላይ ነው። የቆላ አቧራ ከማቀዝቀዣው ዘይት ጋር ተለውሶ ስዊቹን ሊያጣብቀው፣ የብረት ፍቅፋቂም ሴንሰሩን ሊያታልለው ስለሚችል፣ ከመለወጥ በፊት ማጽዳት ይቀድማል። ሽቦው ሲነካ በሚቋረጥ አኳኋን ከተያያዘ፣ የተበጠሰ ገመድ ማሽኑን ያቆመዋል እንጂ አያላትመውም።

ሦስተኛው፣ መንገድ ላይ ያለ ምክንያት መቆሙ ነው። የመቁረጫው ሞተር ጠፍቶ ሲሞከር ችግሩ ከጠፋ፣ የስዊቹ ገመድ ከሞተሩ ገመድ ጋር ተጠጋግቶ መዘርጋቱ ይጠረጠራል።

አራተኛውና አታላዩ፣ ዜሮው በየጊዜው መለያየቱ ነው። ይህ በዳያል ጌጅ አሥር ጊዜ ተለክቶ ይመዘገባል። ልዩነቱ ልክ የስክሩ አንድ ዙር፣ ለምሳሌ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በየዙሩ ምልክት በሚሰጥ ሞተር ላይ ስዊቹ ለዚያ ምልክት እጅግ ቀርቧል ማለት ነው፤ ግማሽ ዙር ያህል ይገፋል። የተዘበራረቀ ከሆነ የላላ ኮፕሊንግ ይፈለጋል። ከጧት እስከ ቀትር ቀስ በቀስ የሚያድግ ከሆነ ግን ሙቀት ነው፤ 300 ሚሊ ሜትር የብረት ስክሩ በ20 ዲግሪ ሲሞቅ 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ለዚህ መድኃኒቱ ስዊች መለወጥ ሳይሆን፣ ማሽኑ ከሞቀ በኋላ ዜሮውን እንደገና መያዝ ነው።

በመጨረሻም፣ የአዝመራ ጥድፊያ ባለሙያውን ስዊቹን በሽቦ አሳልፎ ሥራ እንዲቀጥል ይገፋፋዋል። ይህ ግን መቁረጫውን ከማሰሪያው ጋር ያላትማል፤ የአንድ ሰዓት ፍተሻም የሳምንታት ጥገና ይሆናል። መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ ማጽዳት፣ ከዚያ መለካት፣ መለወጥ ግን ከሁሉ በኋላ፤ ከተማ በራቀበት አገር ይህ ቅደም ተከተል የሙያ ወግ ብቻ ሳይሆን የገበሬው ዋስትና ነው።