ስለ ጥልቅ ሐይቅና ስለ ዓሣ ዘር
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ



በወሎ ምድር፣ ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በተራሮች መካከል የተኛ አንድ ውሃ አለ። ስሙም ሐይቅ ይባላል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1900 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። በዳርቻው ያለውም የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት ስለ ሆነ የስፍራው ስም በታሪክ የታወቀ ነው። የዛሬው ንግግር ግን ስለ ገዳሙ ታሪክ አይደለም። ውሃው ስለሚመግባቸው ሰዎች፣ ሰዎችም ውሃውን እንደ ምን መጠበቅ እንደሚገባቸው ነው።

ነገር በምሳሌ ሲነገር ለሕፃን ይቀላል፤ ለሽማግሌም አይከብድም። ስለዚህ አስቀድሞ ምሳሌው ይነገር፤ ፍችው ከዚያ በኋላ ይከተላል።

በሐይቁ ዳር የሚኖር አንድ ባላገር ነበረ እንበል። ሽማግሌ አባቱ፣ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ አብረውት ይኖራሉ። ወንዱ ልጅ 12 ዓመት፣ ሴቲቱ 9 ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ። በጎታው የነበረው እህል ዐለቀ፤ ለዘር ተለይቶ የተቀመጠውም በግንቦት ተበላ። አሁን ሰኔ ከገባ አንድ ሳምንት ሆኗል፤ ደመናው በተራራው ራስ ላይ መታየት ጀምሯል። መሬቱ ታርሶ ይጠብቃል፤ የሚዘራበት ግን የለም።

በዚያው ሰሞን አንድ ነጋዴ ከከተማ መጥቶ፣ «ዓሣ የሆነውን ሁሉ አምጡልኝ፤ ትልቅም ትንሽም ብትሉ በቍጥር እገዛለሁ» ብሎ አስወራ። ጎረቤትም ለባላገሩ መረብ አዋሰው። የመረቡ ዐይን ግን እጅግ የጠበበ ስለ ነበረ የሕፃን ጣት እንኳ በጭንቅ ያሳልፍ ነበር። ባላገሩም ዋጋውን በልቡ አሰበና፣ «ይህን መረብ አንድ ቀን ብጥለው የዘሩን ገንዘብ አገኛለሁ» አለ።

በቅዳሜ ቀን ጎሕ ሲቀድ ቤተ ሰቡ ሁሉ ወደ ውሃው ወረዱ። እናቲቱ በሶና ውሃ ያዘች፤ ሴቲቱ ልጅ ቅርጫት ተሸከመች፤ ወንዱ ልጅ መንጠቆና ገመድ ያዘ። አባት መረቡን በትከሻው አደረገ። ሽማግሌው በትራቸውን ተመርኵዘው፣ «ማለዳ ውሃው ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣል። ከዚያ አስቀድመን መመለስ አለብን» እያሉ ተከተሉ።

አባት በመጀመሪያ መረቡን በሸምበቆው አጠገብ፣ ውሃው ጎድሎ አሸዋው በሚታይበት ስፍራ ዘረጋ። በአሸዋውም ላይ እንደ ገበታ ክብ የሆኑ ብዙ ጕድጓዶች ይታዩ ነበር። ከዚያ በኋላ እናትና ሴቲቱ ልጅ በዳር ቀሩ፤ ሦስቱ ወንዶች በታንኳ ሆነው ወደ መካከሉ ቀዘፉ።

ልጁም፣ «አባባ፤ ይህ ውሃ መጨረሻ የለውም ይባላል፤ እውነት ነውን?» ሲል አያቱን ጠየቀ።

ሽማግሌው መልስ በመስጠት ፋንታ ድንጋይ የታሰረበትን 60 ክንድ ገመድ ሰጡትና፣ «እስቲ አውርደው» አሉት። ልጁ ገመዱን ሁሉ ለቀቀ፤ ድንጋዩ ግን ምንም አልነካም። እጅግ ደስ አለውና፣ «እንግዲያስ የዚህ ውሃ ዓሣ መቼም አያልቅም!» አለ። አባቱም፣ «እንዳልኸው ነው» ብሎ ፈገግ አለ።

ሽማግሌው ግን፣ «አሁን ደግሞ መንጠቆውን በዚያው ገመድ እስከ ታች ስደደው» አሉ። ልጁ ትል ሰክቶ ሰደደው። ብዙ ቆየ፤ የሚነካውም አላገኘ። ታንኳው ወደ ዳር ቀረብ ባለ ጊዜ፣ «አሁን ከስድስት ክንድ አታሳልፈው» አሉት። ጥቂትም ሳይቆይ ገመዱ ተጐተተና አንድ ትልቅ ቆሮሶ ወጣ።

ያን ጊዜ ሽማግሌው፣ «ልጄ፤ ይህ ሐይቅ እንደ ትልቅ ጎተራ ነው። ነገር ግን እህሉ ያለው በአፉ ላይ ብቻ ነው፤ ወደ ታች ያለው ባዶ ነው። ጎተራው ጥልቅ ነው ብሎ የሚተማመን ሰው ሳያውቀው ይራባል» አሉት። አባት ይህን ሰምቶ ዝም አለ።

ፀሐይ ከፍ ስትል ወደ መረቡ ተመለሱ። አባት መረቡን ሲስብ ከበደው። ዓሣው ብዙ ነበር፤ ነገር ግን የሚበዛው ከመዳፍ አይበልጥም። ሴቲቱ ልጅ እስከ ጕልበቷ በውሃው ገብታ ስታይ ድንገት፣ «እምዬ! እምዬ! ዓሣዋ ልጆቿን ትተፋለች!» ብላ ጮኸች። በእርግጥም በመረቡ ከተያዙት መካከል አንዲቱ አፏን ስትከፍት ከማሽላ ፍሬ ያነሱ ቢጫ እንቍላሎች ይፈስሱ ነበር። ከሌላይቱም አፍ ዐይን ብቻ የሚመስሉ ደቃቅ ዓሦች እየወጡ በአሸዋው ላይ ተበተኑ። ሁለቱ ልጆች አባታቸውን አዩት።

አባት ተቈጣና፣ «የገዛ ልጆቼ የሚበሉት አጥተው ለዓሣ ልጅ ማዘን ከየት መጣ?» አለ። የሚመልስለትም አልነበረም፤ የተናገረው እውነት ነውና።

ከጥቂት ዝምታ በኋላ ሽማግሌው፣ «ልጄ፤ መራብን የሚያውቅ ሰው አይፈርድብህም። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የዘሩን እህል በግንቦት ለምን በላነው?» አሉ።

«ስለ ራበን ነዋ፣ አባቴ።»

«ዛሬስ በዚህ ውሃ ዳር እንደዚህ ተጨንቀን ስለ ምን ቆመናል?»

«ዘር ስለ ሌለን ነው።»

ሽማግሌው ዓሣዪቱን በበትራቸው አመልክተው፣ «እንግዲህ ይህችም ዘር ናት» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አባት ብዙ ጊዜ መረቡን ይዞ ቆመ። ኋላም ተቀመጠና ትንንሾቹን አንድ በአንድ ከመረቡ እየፈታ ወደ ውሃው ለቀቃቸው፤ ልጆቹም ረዱት። ትልልቆቹን ብቻ አስቀርቶ እስከ ቀትር ድረስ በመንጠቆ አጠመዱ። ነፋሱ ሲነሣ ልጁ፣ «አባባ፤ አንድ ብቻ እንጨምር» ብሎ ለመነ። ሽማግሌው ግን፣ «ዓሣ ነገም ይገኛል፤ በዚህ ውሃ የሰጠመ ልጅ ግን አይገኝም» ብለው ታንኳውን ወደ ዳር አስመለሱት።

በዚያን ቀን የያዙት ዓሣ ዐሥር አልሞላም። አንዱን ቤተ ሰቡ በሉት፤ የቀረው ተሸጦ የዘሩን ግማሽ ዋጋ እንኳ አላወጣም። እናቲቱ ሁለት ዶሮዎቿን ሸጠች፤ አባትም ለባለ ጸጋ ጎረቤት አራት ቀን አርሶ የጐደለውን እህል ተቀበለ። እርሻቸው ከሌላው ሰው እርሻ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ተዘራ። መልካም ሥራ ዋጋ አያስከፍልም የሚል ሰው ቢኖር ይህን ያስብ።

ይልቁንም ልጁን ያሳዘነው ሌላ ነገር ነበር። የመረቡ ባለቤት በዚያው ሌሊት በዚያው ስፍራ መረቡን ጥሎ ያን ሁሉ ትንንሽ ዓሣ አወጣ። ልጁ በነጋው ይህን ሰምቶ፣ «አባዬ፤ እኛ የማርነው ለእርሱ ሆነ!» ብሎ አለቀሰ።

አባትም በዚያን ቀን አንድ ሰው ብቻውን ዘር ጠባቂ ሊሆን እንደማይችል ተረዳ። ወደ አገሩ ሽማግሌዎች ሄዶ ነገሩን አስረዳ። የክርስቲያኑም የእስላሙም ሽማግሌዎች ከዋርካው ጥላ ሥር ተቀምጠው ባለ መረቡን ጠሩት። ሰውዬው፣ «እኔም ዘር የለኝም» አለ። ሽማግሌዎቹም ነቅፈውት ብቻ አላሰናበቱትም፤ ከየቤቱ ጥቂት ጥቂት እህል አዋጥተው ዘር አበደሩት። ከዚያ በኋላ ጕድጓዶቹ የሚታዩበት ስፍራ እስከ መስከረም እንዳይነካ፣ የመረብም ዐይን ከሦስት ጣት እንዳይጠብብ በአንድ ቃል ተስማሙ።

ምሳሌው ይህ ነው፤ ፍችው ደግሞ እንደሚከተለው ነው።

ጎተራው ባዶ ነው የተባለው ስለ ምን ነው ቢሉ፤ ዓሣም እንደ ሰው አየር ያስፈልገዋልና ነው። ዓሣ በውሃ ውስጥ የተቀላቀለውን አየር በስንጥቡ ይስባል። በጥልቅ ሐይቅ ግን የላይኛው ውሃ በፀሐይ ሞቆ ይቀልላል፤ የታችኛው ቀዝቅዞ ይከብዳል፤ ሁለቱም በቀላሉ አይደባለቁም። ስለዚህ ከላይ የሚገባው አየር ወደ ታች አይደርስም። የወሎው ሐይቅም እንደዚህ ያለ ውሃ ስለ ሆነ ዓሣው የሚኖረው በላይኛው ክፍልና በዳር ዳሩ ነው። የውሃው ጥልቀት የዓሣው ብዛት መለኪያ አይደለም።

ዓሣዪቱ ልጆቿን ተፋች የተባለውስ እንደ ምን ነው ቢሉ፤ የቆሮሶ ጠባይ ነው። ወንዱ በጎደለ ውሃ በአሸዋው ላይ ክብ ጕድጓድ ይቈፍራል። ሴቲቱ በዚያ እንቍላሏን ትጥልና መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች። እንቍላሉ እስኪፈለፈል፣ ጫጩቶቹም መዋኘት እስኪችሉ ሁለት ሳምንት ያህል በአፏ ትጠብቃቸዋለች። በዚህም ጊዜ እንደ ወትሮዋ አትመገብም። ከወጡም በኋላ ጠላት ሲመጣ ወደ አፏ ይመለሳሉ። እንግዲህ በዚያ ወራት አንዲቱን እናት የያዘ ሰው አንድ ዓሣ የያዘ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ብዙ መቶ ዓሣ አጥፍቷል።

ይህም ቆሮሶ በሐይቁ ከጥንት የነበረ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ለሕዝቡ ምግብ እንዲሆን ከሌላ ውሃ መጥቶ የተጨመረ ነው። ምግብነቱ ለብዙዎች ተርፏል። ነገር ግን ቀድሞ እጅግ የጠራ የነበረው ውሃ ከዚያ ወዲህ መጥራቱ እንደ ቀነሰ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ምክንያት ነው ያሉትም፣ ዓሣው የውሃውን አረንጓዴ የሚበሉትን ደቃቅ ፍጥረታት ስለሚበላ አረንጓዴው መብዛቱን ነው። ከዚህም ሰው በውሃ ላይ የሚያደርገው ነገር ሁሉ፣ ለበጎ አስቦ ያደረገው እንኳ፣ ዐብሮት የሚመጣ ሌላ ነገር እንዳለው ይታወቃል።

ዘሩ ካልተጠበቀ ምን ይመጣል ቢሉ፤ የጣናን ነገር መመልከት ይበቃል። በጣና በሌላ ስፍራ የማይገኙ ብዙ ዐይነት ነጭ ዓሦች አሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቍላላቸውን ለመጣል ወደ ወንዞች ይወጣሉ። አጥማጆችም ይህን ዐውቀው በወንዞቹ አፍ መረብ ይዘረጉ ነበር። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ዐሥር ዓመት ውስጥ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል እንደ ቀነሰ ተመዝግቧል። ጣናን የሚያህል ውሃ እንዲህ ከሆነ ትንሹ ሐይቅ እንደ ምን ይሆን? በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 መውጣቱም ይህን የመሰለ ጕዳት እንዳይበዛ ነው። ሆኖም አዋጅ በወረቀት ተጽፎ ሲቀር ዓሣን አያድንም፤ በሰው ልብ ሲጻፍ ግን ያድናል።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፤ ልጆችን ወደ ውሃው ዳር ይዛችሁ ውረዱና በዐይናቸው አሳዩአቸው። ድንጋይ በገመድ አስረው ጥልቀቱን ይለኩ፤ የዓሣውን ጕድጓድ ይቍጠሩ፤ የመረብን ዐይን በጣታቸው ይመጥኑ። ይህ ሒሳብም የተፈጥሮ ትምህርትም ይሆንላቸዋል። ደግሞም ትልቅ ሰው ሳይኖር በታንኳ እንዳይወጡ፣ ነፋስ ሳይነሣ እንዲመለሱ አስጠንቅቋቸው። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውሃ መበተን ትልቁንም ትንሹንም በአንድነት የሚያጠፋ መሆኑን ንገሯቸው።

ሽማግሌዎች ሆይ፤ እናንተም በምሳሌው እንደ ተነገረው ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አድርጉ። ዘር የሚያጠፋውን ከልክሉ፤ ነገር ግን ለምን እንደሚያጠፋ ጠይቁት። የራበውን ሰው «አትንካ» ብሎ ብቻ መስደድ ሌሊት እንዲመለስ ማድረግ ነው። የሚዘራው ካገኘ ግን እርሱ ራሱ ጠባቂ ይሆናል።

ያ ልጅ ሲያድግ በዚያው ውሃ ዳር ልጆቹን ይዞ ይወርዳል። በዚያን ጊዜ በአሸዋው ላይ ክቦቹን ጕድጓዶች ያሳያቸው እንደ ሆነ፣ ወይም «ቀድሞ እዚህ ዓሣ ነበረ» ብሎ የሚነግራቸው እንደ ሆነ፣ የሚወሰነው ዛሬ ነው።

ተፈጸመ።