የቅድስት ሥላሴ ካቴድራልና መካነ መቃብሩ፦ ከአራት ኪሎ እስከ ሐራ
(በማኅበሩ ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ታሪክ ትንሽ ንገረን» ሲሉኝ በደስታ ነው የተቀበልኩት። የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ግን አራት ኪሎ የተማርን ሁሉ ያንን ግቢ እናውቀዋለን። ፈተና ሲደርስ ደብተራችንን ይዘን ዛፎቹ ሥር የተቀመጥን ብዙ ነን። የምንፈልገው ጸጥታውን ነበር፤ በዙሪያችን እነማን እንዳረፉ ግን ብዙም አልጠየቅንም።

የካቴድራሉ ግንባታ ከጣሊያን ወረራ በፊት ተጀምሮ፣ በወረራው ተቋርጦ፣ ከነጻነት በኋላ ነው የተጠናቀቀው። ስለዚህም ከጅምሩ የድልና የሐዘን ቤት ሆነ። በግቢው አርበኞች አርፈዋል። ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ደግሞ የአንዲት እንግሊዛዊት መቃብር አለ። ሲልቪያ ፓንክረስት ወረራውን ለንደን ላይ ሆና በጋዜጣዋ ስትታገል ኖራ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገባች። ያረፈችው መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም፣ በመስቀል ዕለት ነው። ልጇ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በዩኒቨርሲቲያችን አስተምሯል፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተርም እሱ ነው። በ2009 ዓ.ም ሲሞት እዚያው ግቢ ተቀበረ። ስድስት ኪሎ መጻሕፍቱን ያገላበጥን ሁሉ የእሱ ባለዕዳ ነን።

ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረመድኅን በ1998 ዓ.ም ኒውዮርክ ላይ አርፎ አስከሬኑ ወደዚያው ግቢ መጣ። ጥላሁን ገሠሠም በ2001 ዓ.ም እዚያ ተቀበረ። የዚያን ቀን የወጣውን ሕዝብ ያየ አይረሳውም።

እኔን ግን ከሁሉ የሚያቆመኝ የስድሳዎቹ መቃብር ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ሌሊት ያለ ፍርድ የተረሸኑት ባለሥልጣናት በአንድ ጉድጓድ ነበር የተቀበሩት። ቤተሰቦቻቸው ፍትሐት ማስደረግና ሐውልት ማቆም ቀርቶ፣ በአደባባይ ማልቀስም አልቻሉም። ዐፅማቸው ወጥቶ በክብር ሥላሴ ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም ነው። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲሁ። ነሐሴ 1967 ዓ.ም ካረፉ በኋላ ዐፅማቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከመሬት በታች ከርሞ፣ በ1984 ዓ.ም ተገኘ። ለዓመታት በዓታ ቤተ ክርስቲያን ቆይቶ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም ከእቴጌ መነን ጎን አረፈ። ስለ እነዚህ ሰዎች ሥራ እዚህ አዳራሽ ያለን ሰዎች አንድ ሐሳብ የለንም፤ ሊኖረንም አይገባም። ግን የሟቹን ቦታ ማወቅ የቤተሰቡ መብት ነው። ይህን ነገር እኔ በራሴ ደርሶብኝ ነው የተረዳሁት።

የተወለድኩት ሰሜን ወሎ፣ ሐራ ነው። ብዙዎቻችሁ ስሟን የሰማችሁት «አዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ» በሚባለው የባቡር መስመር ይሆናል። አባቴ የሞተው እኔ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። መርዶው የደረሰኝ ከተቀበረ በኋላ ነበር። ሄጄ አለቀስኩ፤ የተከመረውን ድንጋይ አየሁ፤ ተመለስኩ። ከዚያ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጆች... መቼም ታውቁታላችሁ። ሐውልት ላሠራ ከብዙ ዓመት በኋላ ስሄድ መቃብሩን አጣሁት። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አዳዲስ መቃብር ተጨምሯል፣ ድንጋዩ ተነሥቷል፣ ሣር በልቶታል። የቀበሩት ቄስ ሞተዋል። አዲሱ ቄስ አባቴን አያውቁትም። ለልጆቼ «አያታችሁ እዚህ ነው» ልላቸው ይዣቸው መጥቼ፣ ግቢው መሐል ቆሜ ቀረሁ።

ያገኙልኝ የጎረቤታችን ሙስሊም አዛውንት ናቸው። ወሎ የሆናችሁ ቅሬን ታውቃላችሁ፤ እዚህ ዕድር እንደምንለው ነው። ቅሬ ክርስቲያን እስላም ሳይል ይጠራል፤ ጥሩንባው ሲነፋ ሁሉም አካፋና ዶማውን ይዞ ይወጣል። አዛውንቱ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ወይራዋ ሥር ቆመው ወደ ፀሐይ መውጫ እየቆጠሩ ተራመዱ፤ ሰባት እርምጃ ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ አባትህ እዚህ ነው» አሉኝ። «እርግጠኛ ነዎት?» አልኳቸው። «ወላሂ! በእጄ ቆፍሬው! ዶማዬ ድንጋይ አግኝቶ ጉድጓዱን ትንሽ ወደ ግራ ያዞርነው እኔና ወንድሜ ነን» አሉኝ። ቆፍሮ ማየት አላስፈለገኝም። ሐውልቱ ዛሬ እዚያ ቆሟል።

በዓመቱ እሳቸውም አረፉ። በተራዬ ቀብራቸው ላይ ተገኝቼ አፈር መለስኩ። ግን ስመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ከነከነኝ። እኔ የጠየቅኳቸው የአባቴን ብቻ ነው። የስንቱ ሰው መቃብር እሳቸው ልብ ውስጥ ነበር? እሱ ሁሉ አብሯቸው ተቀበረ። ለአንድ ቀን ደብተር ይዤ አብሬያቸው ብዞር ኖሮ ምን ይጎድልብኝ ነበር?

ሥላሴ ያሉት ታላላቆች ስማቸው በድንጋይ ተቀርጿል፤ ባይቀረጽም መጽሐፍ ያስታውሳቸዋል። የእኛ አባቶችና እናቶች መዝገባቸው የሽማግሌዎች ልብ ነው። እኛ ለትምህርት ብለን ከመንደራችን ስንወጣ ከዚያ መዝገብ ተለየን። ወቀሳ አይደለም፤ የሆነው ይኸው ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ዘንድሮ ለበዓል አገር ቤት የምትሄዱ ሁሉ አንድ ደብተር ያዙ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢም ከመስጊዱ መቃብርም፣ ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት አሮጊት ጋር ዙሩ። ማን እንደተቀበረ፣ መቼ፣ ከየትኛው ዛፍ በስንት እርምጃ እንደሆነ ጻፉ። አንዱን ቅጂ ለቤተ ክርስቲያኑ ወይም ለመስጊዱ፣ አንዱን ለቅሬው ወይም ለዕድሩ ስጡ። ሌላው ቅጂ ዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ማኅበሩ ይጠይቅልን። የታሪክ መምህራኖቻችን አቀራረቡን ቢያስተካክሉልን ደግሞ ተማሪዎቻቸውም ይማሩበታል።

ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቀን ግን አይሰጥም። የእኔን ጀምሬዋለሁ። እስካሁን አርባ አንድ ስም ጽፌአለሁ፤ የመጀመሪያው የአባቴ፣ ሁለተኛው የእኚያ አዛውንት ነው።