የረገጥኩት ጎጆ

(አንዲት አባላችን በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



የት ጠፋሽ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ መልሱ ይኸው፦ ሰኔን የከረምኩት በሰሜን አላስካ፣ በቦፎርት ባሕር ዳርቻ ነው። የሄድኩት ለወፍ ቆጣሪዎች ምግብ ላበስል ነበር። ሰው ሲያንሳቸው ግን እኔንም ገመድ አስያዙኝ።

ቦታው መንገድ የለውም፤ የሚገባው በትንሽ አውሮፕላን ነው። ዛፍ የለም፤ ኩሬና ሣር ብቻ። ፀሐይዋ ሌሊትም አትጠልቅም። ድንኳናችንን ከነጭ ድብ የሚጠብቀው የኤሌክትሪክ አጥር ነበር። ቢምቢውማ አይነሣ!

ወፎቹ ጎጆ የሚሠሩት መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ነው። ሁለት ሰው ረጅም ገመድ ግራና ቀኝ ይዞ ይጎትታል፤ ሦስተኛው ከኋላ ይከተላል። ገመዱ ሲደርስባት ወፏ ብር ትላለች። ከተነሣችበት ቦታ ዐይን ሳይነቅሉ ሄዶ መፈለግ ነው። ብዙውን ጊዜ አራት እንቁላል ይገኛል። ስንት ቀን እንደታቀፈ ለማወቅ ውኃ ውስጥ ይከቱታል፦ አዲሱ ከሥር ይጋደማል፣ ሲቆይ ይቆማል፣ ሲከርም ይንሳፈፋል። «ይህንንማ እናቴ ወጥ ቤት አስተምራኛለች» ብዬ ሳቅሁ።

ፋላሮፕ የምትባለውን ወፍ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ደማቋ ሴቷ ናት፤ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። ታቅፎ የሚፈለፍለውም፣ ጫጩት የሚያሳድገውም አባትየው ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው!

ያገኘነውን ጎጆ ሁሉ መዝግበን በየጥቂት ቀኑ እንመለስበታለን፤ ተፈለፈለ ወይስ ጠፋ? አንድ ቀን ብቻዬን ሳልፍ ከተመዘገቡት አንዱን ረገጥኩ። አራቱም እንቁላል ተሰበረ። ያየኝ አልነበረም። ልቤ «ሣር አልብሰሽው እለፊ» አለኝ። ማታ የሠራሁትን እራት ራሴ መብላት አቃተኝ፤ ሄጄ ለኃላፊዋ ነገርኳት።

አልተቆጣችም። መዝገቡን አውጥታ «በሰው ተረግጦ የጠፋ» ብላ ጻፈች። «ባትነግሪኝ ቀበሮ በላው ብለን እንጽፍ ነበር» አለችኝ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ ኮንግረስ በዚያ ሜዳ ለነዳጅ ፍለጋ መሬት በጨረታ እንዲከራይ በሕግ ወስኗል፤ ክርክሩ ግን አልቆመም። መዝገቡ ከዋሸ ለወፎቹ ማን ይመሰክራል?

እህቶቼ፣ እኛም መዝገብ አለን። የታመመች፣ ከሥራ የወጣች እህት አፍራ ዝም ስትል መዝገባችን «ሁሉም ደህና» ይላል፤ እርዳታውም አይደርሳትም። እኔ ራሴ አምና አራት ወር ሥራ ፈትቼ ሳለሁ ደህና ነኝ ብያችሁ ነበር። ደህና አልነበርኩም። ይኸው ዛሬ ነገርኳችሁ፤ ጻፉት።