ሸክላው ከቤት ወጥቶ ወደ ቤቱ እንዲመለስ
(የማኅበሩ ጸሐፊ በነዋሪው ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)



በማኅበራችን አዳራሽ ለአንድ ወር የሚቆይ የድሮ ዘፈን ኤግዚቢሽን እንደምናሳይ በማስታወቂያ ሰሌዳው አንብባችኋል። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ እየዞርን ጠይቀናል። ሸክላ ያላቸው አሉ፤ ብዙዎቹ አባቶች ግን «እናስብበት» ነው ያሉን። አንፈርድባቸውም። ከዓመታት በፊት ለአንድ በዓል ተብሎ የተወሰደባቸው ፎቶግራፍና ካሴት እንደወጣ የቀረባቸው አሉ። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ንብረታችሁን እንዴት እንደምንይዝ ነው።

«ዘፈኑ እኮ በስልክ ይገኛል፤ ሸክላው ቢሰበርስ?» የሚል ወጣት አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን የሸክላ ድርጅት ሲያቋቁሙ፣ ሸክላ የማሳተሙ መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር። እሳቸው ግን ደፍረው ገቡበት፤ የመጀመሪያውንም ሸክላ ከድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴ ጋር አወጡ። ከመቶ በላይ ሸክላ ካሳተሙ በኋላ በ1975 እ.ኤ.አ. ከአገር ወጡ። ማተሚያ እዚህ ስላልነበረን ሸክላው ይታተም የነበረው ውጭ አገር ነው። ከዚያ ካሴት መጣና ሸክላው ቀረ። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ እነዚያን ዘፈኖች ለዓለም ሲያሰሙ፣ የውጭ ሰው ዋናውን ሸክላ ይፈልግ ጀመር። እኛ ሠፈር ደግሞ በልዋጭ በፕላስቲክ ጆግ ተቀይሯል! በተለይ አሁን ቤት ሲፈርስና ሰው ሲዛወር፣ አሮጌ ነው ተብሎ ቀድሞ የሚወጣው ይኸው ዕቃ ነው።

እንግዲህ አያያዛችን ይኸውላችሁ። ዕቃ ስንቀበል ባለቤቱ ፊት እናየዋለን፤ ጭረቱን፣ የሽፋኑን ቅዳጅ ሁሉ በሁለት ቅጂ እንጽፋለን፤ ፎቶግራፍ እናነሳለን፤ ሁለታችንም እንፈርማለን። አንዱ ቅጂ የእናንተ ነው። አቧራ ቢኖረው እንዳለ አምጡት፤ በሳሙናም በአልኮልም እንዳታጥቡት፣ የጥንቱን ሸክላ አልኮል ይበላዋል። እስኪከፈት ድረስ እንደ መጽሐፍ ቆሞ በቁም ሣጥን ይቀመጣል፤ ተነባብሮ ከተኛ ይጎብጣል። የአዳራሹ ቆርቆሮ ከሰዓት በኋላ ስለሚግል በመስኮቱ በኩል ምንም አናስቀምጥም። የሽፋኑን ቀለም ፀሐይ ስለሚያጠፋው በግድግዳ የሚሰቀለው የቀለም ፎቶ ኮፒ ነው፤ ዋናው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሆኖ ይቆለፋል። ቁልፉ ሁለት ነው፤ በሁለት ሰው እጅ ይሆናል።

በኮሚቴው ውስጥ ብርቱ ክርክር ያስነሳው ማጫወቱ ነበር። አንዳንዶቹ «ሸክላው በድምፅ ማጉያ ካልተዘፈነ ማን ይመጣል?» አሉ። እኛ አልተስማማንም። ያረጀ መርፌ በዞረ ቁጥር መስመሩን ይፍቀዋል፤ ቀኑን ሙሉ ለአንድ ወር ሲዞር ምን ሊተርፍ? ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ በደህና መርፌ ወደ ኮምፒዩተር ይቀዳል፤ ሕዝቡ የሚሰማው ከዚያ ነው። ካሴትም እንዲሁ። «በፍላሽ ገልብጡልን» ለሚሉ ግን አንገለብጥም፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ ዘፈኑም ባለቤት አለው።

ስለ ጽሑፉም አንድ ነገር። ከየሸክላው ሥር የዘፋኙ ስም ብቻ አይጻፍም። ግጥሙን፣ ዜማውን፣ ቅንብሩን የሠራው፣ ያጀበውም ባንድ ከታወቀ ይጻፋል። ጥላሁን ገሠሠን የማያውቅ የለም፤ ከኋላው ሆኖ ሳክስፎን የነፋውን የክቡር ዘበኛ ሰው ማን ያውቀዋል? በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ በኋላም ነርሲስ ናልባንዲያን ለዘመናዊ ሙዚቃችን የሠሩት የራሱ ሰሌዳ ይኖረዋል። በዚያ ዘመን ባንድ ውስጥ የተጫወታችሁ፣ ሸክላ ቤት የሠራችሁ፣ በሠርግ ግራማፎን ያከራያችሁ ካላችሁ ኑና ንገሩን፤ ወጣቶቹ ይጽፋሉ።

መረከቡ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ነው። መውጣት ለማይችሉ እማማዎችና አባባዎች ሁለት ሰው ከነመዝገቡ ቤታቸው ድረስ ይሄዳል። ኤግዚቢሽኑ በተዘጋ በሦስት ቀን ውስጥ ሁሉም በየቤቱ ይመለሳል፤ የተመላሹም ዝርዝር በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ደረሰኝ ሳትይዙ ከቢሮ እንዳትወጡ።