ሐቫና ጎዳና ሁሉ ሞልቶ፣ የነፍሰ ጡሯ ማዕድ ለምን ሽሮ ብቻ ሆነ?

ዛሬ ፖለቲካውን ላቆየውና ከዳውንታውን ዴንቨር ወጣ ብለን አውሮራ፣ ሐቫና ጎዳና እንሂድ። በርበሬው፣ ጎመኑ፣ እንቁላሉ፣ ብርቱካኑ ሁሉ አለ። ታዲያ ነፍሰ ጡር እህታችን ከማታ ሥራ ስትመለስ ምን ትበላለች? እንጀራ በሽሮ።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት መለኪያ ምግብን በ10 ይመድባል፤ ሴት ልጅ በቀን ቢያንስ ከ5ቱ መመገብ አለባት። እንጀራ አንድ፣ ሽሮ ሁለት፤ ሽንኩርቱን በደግነት ብንቆጥረው ሦስት።

አገር ቤት «ድህነት ነው» እንላለን፤ ሐሰት አይደለም። እዚህ ግን ከገንዘቡ በላይ የጠፋው ጊዜና የሚያበስልላት ሰው ነው። እናቷ አጠገቧ የለችም። ባልስ? ወንድሞቼ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ጎመን መክተፍ ዲግሪ አይጠይቅም።

ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባቷን ታማክር፤ ነፍሰ ጡርን ከጾም መፍታት አዲስ ነገር አይደለም። «እጾማለሁ» ካለችም ጎመን፣ ካሮት፣ ኦቾሎኒና ብርቱካን ሲጨመሩ 5ቱን ታልፋለች። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከአትክልት አይገኝምና ለሐኪሟ ትንገር።

ሌላው ፍርሃት ነው። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ነፍሰ ጡሮች ወተት፣ እንቁላል፣ ባቄላና ፍራፍሬ የሚሰጠውን ዊክን «ግሪን ካርዴን ያበላሽብኛል» ብለው የሚሸሹ አሉ። የ2022ቱ የፌዴራል ደንብ ቀርቶ፣ ጥብቅ የተባለው የ2019ኙ እንኳ ዊክን በመንግሥት ላይ ሸክም ከመሆን አልቆጠረውም።