የመዝገብ ሥርዓትና የጳጉሜን ልጅ



ዓባይ ወደ ካርቱም በሚዘልቅበት በጀሪፍ ሰፈር ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ተከራይተው፥ ሠርተውና ልጅ ወልደው ኖረዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ. ም. በከተማይቱ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙው ሰው ተበተነ። ከዚያ የወጣ ቤተ ሰብ ከአንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሲደርስ አስቀድሞ የሚጠየቀው የልጁን ስምና የልደት ቀን ነው።

እንግዲህ ለምሳሌ ያህል በጀሪፍ በአንድ ግቢ ሁለት ሕፃናት ተወለዱ እንበል፤ ወንዱ ጳጉሜን 6 ቀን 2007 ዓ. ም.፥ ሴቲቱ በማግሥቱ መስከረም 1 ቀን 2008 ዓ. ም.። መዝጋቢው የሁለቱንም ልደት ኤክስኤምኤል በተባለው የአጻጻፍ ሥርዓት ወደ ኮምፒዩተር ያገባል። ይህ ሥርዓት እ. ኤ. አ. በ1998 የወጣ ሲሆን፥ እያንዳንዱ ቃል ምንነቱን በሚናገር መክፈቻና መዝጊያ ምልክት መካከል እንዲቀመጥ ያዛል። የተከፈተው ሁሉ በተራው ከተዘጋ ጽሑፉ በወጉ ተጽፏል ይባላል። ነገር ግን በወጉ የተጻፈ ሁሉ ትክክል አይደለም፤ የአያት ስም በልደት ቀን ቦታ ቢገባም ምልክቱ እስከ ተዘጋ ድረስ ወጉ አልፈረሰም። ይህን የሚቈጣጠረው ስኬማ የተባለው ደንብ ነው። የትኛው ክፍል በየትኛው ውስጥ እንዲገባ፥ ስንት ጊዜ እንዲደገም፥ በውስጡም ፊደል ወይም ቍጥር ወይም ቀን እንዲኖር ስኬማው አስቀድሞ ይወስናል፤ መርማሪው ፕሮግራምም መዝገቡን ከደንቡ ጋር ያስተያያል።

እ. ኤ. አ. በ2001 የጸደቀው ስኬማ «ቀን» ብሎ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቈጣጠር ብቻ ነው። ስለዚህ 2007-13-06 ተብሎ የተጻፈውን የወንዱን ልጅ ልደት አሥራ ሦስተኛ ወር የለም ብሎ ይመልሰዋል። የልጅቱ 2008-01-01 ግን ያለ አንዳች ነቀፋ ያልፋል፤ ያለፈው ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ተብሎ ነው። እውነተኛው ልደቷ እ. ኤ. አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2015 ስለ ሆነ፥ በአንድ ሌሊት ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በላይ ታላቅ ሆነች። ክፍሏም ፈተናዋም በዚህ ይወሰናል። የተመለሰው ልጅ ስሕተቱ ስለሚታይ ይታረምለታል፤ የከፋውስ የእርሷ ነው።

ነገሩ በቀን ብቻ የቆመ አይደለም። በ1998ቱ ደንብ ለምልክት ስም የተፈቀዱት ፊደላት ዩኒኮድ በዚያን ጊዜ የነበሩት ብቻ ነበሩ፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ስለዚህ አማርኛ በምልክቶች መካከል ሲጻፍ ምልክቱን ራሱን ‹ስም› ወይም ‹ልደት› ብሎ መሰየም ክልክል ሆኖ ቆየ። በ2004 አዲስ ዕትም ፈቀደ፤ እርሱ ግን ብዙ ተጠቃሚ ስላላገኘ፥ ነባሩ ራሱ በ2008 ታረመ።

ለመዝገቡ የሚበጀው የልደትን ክፍል ከተዘጋጀው የቀን ዓይነት አውጥቶ ዓመት፥ ወርና ዕለት ብሎ መክፈል፥ የዘመን አቈጣጠሩም ስም በግዴታ እንዲጻፍ ማድረግ ነው። ወር ከ1 እስከ 13፥ ዕለት ከ1 እስከ 30 ይሆናል። ጳጉሜን ከ5 እንዳታልፍ፥ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ብቻ 6 እንድትሆን የሚያዘው ግን አንዱን ክፍል ከሌላው ጋር የሚያመዛዝን ደንብ ይሻል፤ ይህንም ስኬማትሮን፥ ወይም በ2012 የወጣው የስኬማ ዕትም ይፈጽመዋል። በስም በኩልም «የቤተ ሰብ ስም» የሚለው ክፍል ለኢትዮጵያዊ ልጅ ባዶ ስለሚቀር፥ የአባትና የአያት ስም ይተካው።

ይህን የሚያስተምር መምህር ለተማሪዎቹ ሦስት ቀናት ይስጣቸው፤ ጥቅምት 30፥ ጳጉሜን 6ና መስከረም 1፥ ሁሉም በ2008 ዓ. ም.። በ2001ዱ «ቀን» መሠረት ሁለቱ ይወድቃሉ፤ በአዲሱ ደንብ የምትወድቀው አንዲቱ ብቻ ናት። የትኛይቱ እንደ ሆነች ኮምፒዩተሩን ሳይከፍቱ በወረቀት ያስሉ።